በጣት የወለቀው ሱፍ

ይህ ነገር የደረሰው አምና ታኅሣሥ ውስጥ፣ የቡና ለቀማው እያለቀ ባለበት ሰሞን ነው። እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣም። የአንድ የኮምፒውተር ሞኒተር ታሪክ ነው ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም። ይሳቅ። እኔ ራሴ መጀመሪያ ላይ በሞኒተሩ ስስቅ፣ አልፎም ስራገም ነበር።

ሰሚራ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ዲላ ነው። አባቴ ከስልጤ አገር መጥቶ እዚህ ሱቅ ከፈተ፣ እዚሁ ወለደን፣ እዚሁ ዐረፈ። እኔ ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ቤት አለችኝ። ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የሠርግ ካርድ፣ የምርቃት ባነር፣ የለቅሶ ፎቶ፣ የመጣውን ሁሉ እሠራለሁ። ትዕግሥት ግን አልተሰጠኝም። ይህን የሚያውቁ ደንበኞች አሉኝ፤ አንዳንዱ እንዲያውም ሊያናድደኝ ብሎ ነው የሚመጣው።

ሞኒተሩ የመጣው እንዲህ ነው። የድሮው ስክሪኔ መሐሉ ላይ ጥቁር መስመር አወጣና ሰንበትበት ብሎ ጭራሽ ጠፋ። ታላቅ ወንድሜ ከድር አይሱዙ ነው የሚነዳው፤ ከዚህ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ሲመለስ ሸቀጥ ይጭናል። መርካቶ ስትደርስ አንድ ሞኒተር ገዝተህ ና አልኩት። ሰፊ ይሁን፣ ጥርት ያለ ይሁን፣ ሌላ ምንም አልፈልግም አልኩት። እሱ ግን ሻጩ አፉን አጣፍጦ ያቀረበለትን በጣት የሚሠራ ሞኒተር ተሸክሞ መጣ። እንደ ስልክ በጣትሽ ትነኪዋለሽ አለኝ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው።

ደሜ ፈላ። ማውስ አለኝ፣ ኪቦርድ አለኝ፣ ጣቴን ስክሪን ላይ እያንከራተትኩ ምን ልሠራበት ነው አልኩት። ቀኑን ሙሉ ክንዴን አንስቼ ስውል ማታ ትከሻዬን የሚያሽልኝ አንተ ነህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። መልሰው አልኩት። የመርካቶ ዕቃ አንዴ ከወጣ እንደማይመለስ ግን ሁለታችንም እናውቃለን። እየተነጫነጭኩ ሰካሁት።

ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። የእኛን ሥራ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ደንበኛ በዓይኑ ብቻ አያይም። ስሜ እዚህ ጋ ተሳስቷል ሲል ጣቱን ስክሪኑ ላይ ይተክላል። ምሳ የበላበት ጣት ይሁን፣ የባጃጅ ዘይት የነካው ይሁን ግድ የለውም። በድሮው ስክሪን ጉዳቱ አሻራ ብቻ ነበር፤ በሶፍት ጠርጌ አልፈው ነበር። በዚህኛው ግን የተነካው ነገር ሁሉ ይንቀሳቀሳል።

አንድ የሠርግ ባነር ስሠራ የሙሽራው አጎት ልጃችን የምታገባው ይህችን ነው ብሎ ለጓደኛው በጣቱ ሲያሳይ ሙሽራዋን ከሙሽራው ጎን አንስቶ ጥግ ላይ ወረወራት። ሰውዬው ደንግጦ ሲምል ሲገዘት ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም። የስክሪኑን መነካት የሚያጠፋልኝ ቴክኒሻን መፈለግ ጀመርኩ፤ እሱም ነገ እመጣለሁ እያለ ቀረ።

እውነቱን ለመናገር ጥቅሙንም ማየት ጀምሬ ነበር። ፎቶ ለማጉላት ሁለት ጣት መክፈት ብቻ ነው። ባነር ላይ ጽሑፉን ወደዚህ፣ ሥዕሉን ወደዚያ ማዟዟር ከማውስ ይልቅ በጣት ይፈጥናል። ስልክ ነክቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሳላስተምረው ፎቶዎቹን ራሱ እያገላበጠ ይመርጣል፤ እኔም በዚያ መሐል ሌላ ሥራ እሠራለሁ። ለአማርኛ ጽሕፈት ግን እርባና የለውም፣ እዚያ ላይ ኪቦርድን የሚያህል የለም። የፀጉር ዳር ዳሩን ለመቁረጥም ማውሱ ይሻላል። ክንድም ያደክማል፣ ያልኩት አልቀረም። ግማሹ ጥቅም፣ ግማሹ ራስ ምታት ሆኖብኝ ተቀመጠ።

አሁን ስለ ሱፍ ልንገራችሁ፤ ይህን ሳልናገር የሚቀጥለው አይገባም። እዚህ እኛ ጋ ሰው ሲሞት ትልቅ ፎቶው ለቅሶ ቤት ይቀመጣል፣ በቀብሩ ቀንም ከፊት ይያዛል። ብዙ የገጠር ሰው ግን የረባ ፎቶ የለውም። ያለችውም በስልክ የተነሳች፣ ከሰው መሐል ተቆርጣ የወጣች ናት። እኛ ያችን እንወስድና ሱፍ እናለብሳታለን። ኮምፒውተሬ ውስጥ ጭንቅላት የሌላቸው ሙሉ ልብሶች የታጨቁበት ፎልደር አለ፤ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ክራባት ያለው፣ የሌለው።

ፊቱን ቀና እናደርጋለን፣ እናፈካዋለን፣ የጎደለ ጥርስ እንሞላለን፣ ከኋላው ሰማያዊ እንዘረጋለን። ሰው ይወደዋል። ዕድሜ ልኩን ከቡናና ከእንሰት መሐል ያልወጣ ሰው በሞተ ማግስት ባለሥልጣን መስሎ ይወጣል። እኔም በዚህ ሥራ ጎበዝ እባላለሁ፤ የሰሚራ ሱፍ የት ጋ እንደተሰፋ አይታወቅም ይላሉ።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ ጋሽ በቀለ መጣ። ጋሽ በቀለ የቆየ ደንበኛዬ ነው። ከተማው ውስጥ መሥሪያ ቤት ይሠራል፣ ሰነዶቹን እኔ ጋ ኮፒ ያደርጋል፣ እኔን አናዶኝ ካልሄደ ቀኑ የሚያልፍለት አይመስለኝም። ያን ቀን ግን አልቀለደም። ዓይኑ ደም መስሎ ነበር። ከኋላው ሕፃን ያዘለች ሴት ገባች፤ የወንድሙ ሚስት አስቴር ነበረች።

ነገሩን ቆሞ ነገረኝ። ታላቅ ወንድሙ ሽብሩ ይርጋጨፌ አጠገብ ኮንጋ የሚኖር ቡና ገበሬ ነበር። ታሞ ዲላ መጥቶ ሆስፒታል ተኝቶ ሰነበተ፤ በዚያ ቀን ማለዳ ዐረፈ። አስከሬኑን ወደ ኮንጋ የሚወስድ መኪና እየተዘጋጀ ነው። ቀብሩ ነገ ነው፤ ከይርጋጨፌም ከዲላም የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፣ ፎቶ ያስፈልጋል አለኝ። ያለው ፎቶ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በአስቴር ስልክ ውስጥ ነው። የመታወቂያው ፎቶ ዝናብ ገብቶበት ፊቱ አይለይም። አስቴር ስልኩን ለማንም አልሰጥም ስላለች ነው እሷንም ይዟት የመጣው። ባሏ የሞተባትን ሴት በከተማ መሐል ማዞር ነውር መሆኑን ያውቃል፤ እየተሳቀቀ ነው የነገረኝ።

አላህ ያጽናችሁ አልኩና ወንበር ሰጠኋት። ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች። ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛዋለች። አታለቅስም፣ አትናገርም፤ ጠዋት ከሆስፒታሉ ጀምሮ እንዲህ ናት አለኝ ጋሽ በቀለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የአስቴር ቋንቋ ጌዴኦኛ ነው። እኔ የምናገረው ለገበያ ያህል ነው፤ ሲወራ ግን አብዛኛው ይገባኛል። ስልኩን ፈትታ ስትሰጠኝ ፎቶውን እንዳታጠፊው አለችኝ። አላጠፋም አልኳት። ደግማ እንዳታጠፊው አለችኝ። ጋሽ በቀለ ልጁ ገና ጡት አልጣለም፣ አባቱን በሌላ በምን ያውቀዋል ብላ ነው አለኝ። እኔም በኬብል ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጬ ስልኩን ወዲያው መለስኩላት። ፎቶው አሁንም እዚያው መኖሩን ከፍታ አየችና መልሳ ቋጠረችው።

ፎቶውን ስክሪኑ ላይ ከፈትኩ። ሽብሩ ከቡና ማስጫው አልጋ አጠገብ ቆሟል። አንገቱ የተበላ ቡናማ ሹራብ ለብሷል። ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል፣ ፀሐይ አንድ ዓይኑን አስጨፍናዋለች፣ አፉን ከፍቶ እየሳቀ ነው፤ ከላይ አንድ ጥርሱ የለም። ለለቅሶ የማይሆን ፎቶ አምጪ ቢሉኝ ከዚህ የተሻለ አላገኝም። በልቤ ዛሬ ሥራ አለብኝ አልኩ።

መኪናው እስኪመጣ ብዙ ጊዜ ስላልነበረ እጄ የለመደውን አከታትዬ ሠራሁ። ሰውዬውን ከኋላው ካለው ለይቼ ቆረጥኩ፣ ሰማያዊ ዘረጋሁለት፣ ራሱን ቀና አደረግሁ፣ የተጨፈነውን ዓይን ገለጥኩ፣ ጥርሱን ሞላሁ፣ ፊቱን አፈካሁ። ሳቁን ጨርሶ ላጠፋው አልቻልኩም፣ ወደ ፈገግታ አወረድኩት። ከዚያ ጥቁር ኮት ከነነጭ ሸሚዙ፣ በላዩ ቀይ ክራባት። ጋሽ በቀለ ከኋላዬ ቆሞ ያይ ነበር። ክራባቱን ሳስቀምጥ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ።

"ሱፍ ለብሶ አያውቅም" አለኝ። "እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ሸክም ተሸክሞ፣ የሰው ቡና ለቅሞ። የተመረቅሁ ቀን የለበስኩትን ሱፍ የገዛልኝ እሱ ነው። እኔ ግን ለእሱ ዛሬ ነገ ስል..."

አልጨረሰውም። ክራባቱን ትንሽ አቃናሁና ሞኒተሩን ወደ አስቴር አዞርኩላት። ምርቃት ጠብቄ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

አየችው። ከዚያ ጋሽ በቀለን "ማነው ይሄ?" አለችው።

ሽብሩ ነው እኮ አላት። ከወንበሯ ተነሳች፣ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች፣ እንደ ደንበኞቼ ሁሉ ጣቷን ዘረጋች። አትንኪ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሐዘንተኛ ናት ብዬ ተውኩት።

ጣቷ ክራባቱ ላይ ዐረፈ። ክራባቱ ተንሸራቶ ሆዱ ላይ ወረደ።

እሳት እንደነካት እጇን ሰበሰበችና እኔን አየችኝ። ምንም አልሆነም፣ ይመለሳል ልላት ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ወደ ስክሪኑ መለሰች፣ ትንሽ አሰበች፣ እንደገና ጣቷን አስጠጋች። በዚህ ጊዜ አልፈራችም፤ ሆን ብላ ኮቱን ገፋችው። ኮቱ ከነሸሚዙ ወደ ጎን ሄደ። ከሥሩ ያ አንገቱ የተበላ ሹራብ ወጣ።

እዚህ ላይ ሥራችንን ላስረዳ። እኛ ስንሠራ ሁሉም ነገር በላይ በላይ ይደረባል። ከሁሉ በታች ዋናው ፎቶ አለ፤ በላዩ ሰማያዊው፤ በሰማያዊው ላይ ቆርጬ ያሳመርኩት ሰውዬ፤ በሰውዬው ላይ ኮቱ፤ በኮቱ ላይ ክራባቱ። ለብርድ ልብስ መደራረብ ማለት ነው። ሥራው እስኪያልቅ አንዱን ከአንዱ አላጣብቅም። የድሮው ስክሪን ቢሆን ኖሮ ከእኔ በቀር ማንም ምንም ሊያወልቅ አይችልም ነበር።

አስቴር ሹራቡን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ጣቷን ሳታሳርፍ ወደ አንገቱ አስጠግታ አንድ ነገር ተናገረች። ጋሽ በቀለ ሳልጠይቀው ተረጎመልኝ፤ እዚህ ጋ የሰፋሁት እኔ ነኝ ነው የምትለው አለኝ። ቀጥላ ጉንጩን ልትዳብስ እጇን ከፍ አደረገች። ጉንጩን ስትነካ ፊቱ፣ ያ ያሳመርኩት ሰውዬ በሙሉ፣ ከቦታው ተነስቶ ጣቷን ተከትሎ ሄደና ከስክሪኑ ዳር ወጥቶ ጠፋ። መሐሉ ላይ ባዶ ሰማያዊ፣ ጎኑ ላይ ጭንቅላት የሌለው ኮት ቀረ።

ጮኸች። ከማለዳ ጀምሮ ያልወጣላት ጩኸት ያኔ ወጣ። ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ፣ መንገደኛ ቆሞ ወደ ውስጥ አየ፣ ፎቶ ኮፒ ለማስደረግ ተራ የሚጠብቅ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወረቀቱን ይዞ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ወላሂ እንደዚያ የፈራሁበት ጊዜ የለም። በስልኳ ያለችውን አንዲት ፎቶም አብራ በገዛ እጇ ያጠፋች ነው የመሰላት። ማውሱ ከነመኖሩም ትዝ አላለኝም። ጣቴን ሰድጄ ሰማያዊውን ይዤ ጎትቼ ከስክሪኑ አወጣሁት።

ከሥር ሽብሩ እንዳለ ነበር። ራሱን አዘንብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከኋላው የቡና አልጋው ተዘርግቶ፣ ጥርሱ ጎድሎ ይስቃል።

ጩኸቷ ተቋረጠ። ቆማ አየችው። ከዚያ በጣም በዝግታ ጣቷን ጉንጩ ላይ አደረገች። አልተንቀሳቀሰም። ዋናው ፎቶ እንዳይበላሽ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው፤ ቢጎትቱትም ከቦታው አይሄድም። እሷ ግን ይህን አታውቅም። ትንሽ ገፋችው፣ አልሄደም። ጠንከር አድርጋ ገፋችው፣ አልሄደም። ያኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ድምፅ ሳታሰማ ብዙ አለቀሰች። እኔም ሶፍቱን ለእሷ አቀብዬ ለራሴም ወሰድኩ።

ስትረጋጋ በሁለት ጣት እንዴት እንደሚጎላ አሳየኋት። ወዲያው ያዘችው። ፊቱን ስክሪኑን እስኪሞላ ድረስ አጎላችው፤ በስልኳ እንዲህ አድርጋ አይታው አታውቅም ነበር። እያየችው ማውራት ጀመረች። ፎቶውን ያነሳችው እሷ ናት። ስልኩን ገዝቶ የሰጣት ቀን ነው፤ ላንሳህ ብላ ገልብጣ ያዘችው። እሱም አያት፣ በሳቅ ተንከተከተ፣ ያኔ ነው ተጭና ያነሳችው። የሚስቀው በእኔ ነው አለች።

ጋሽ በቀለ ግን አልተዋጠለትም። ሱፉን መልሺው አለኝ። የመሥሪያ ቤት ሰዎች ይመጣሉ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ ወንድሜ በሞተ ጊዜ እንኳ የተቀደደ ሹራብ ለብሶ ሰው ፊት ይቅረብ ወይ ብሎ ተቆጣ። እኔ መሐል ላይ ቀረሁ። ያዘዘኝ እሱ ነው፤ ሱፉን የፈለገውም ለይሉኝታ ብቻ እንዳልሆነ ቅድም ሰምቻለሁ። እሷን ሳያት ደግሞ እጄ ማውሱን ሊይዝ አልቻለም።

አስቴር ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀምጣው ነበር። ሳትቆጣ፣ ቀስ ብላ መለሰችለት፤ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።

"አንተ ወንድምህን ታውቀዋለህ። ምን ቢያለብሱት ታውቀዋለህ። ይሄ ልጅ ግን አያውቀውም። የቅድሙን ሰውዬ አባቴ እያለ ይደግ?"

ጋሽ በቀለ ወጥቶ በረንዳው ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ባጃጆች ሲያልፉ ያያል። መሐረቡን አወጣ፣ ዓይኑን ጠረገ፣ መልሶ ኪሱ ከተተ። ሲገባ ወደ ስክሪኑ አላየም። እሷ እንዳለችው አድርጊው አለኝ።

ከብርሃኑ በቀር ምንም አልነካሁም። ጥላ የወደቀበትን ግንባሩን ገለጥ ላደርገው ስል እንኳ አስቴርን አስቀድሜ ጠየቅኋት፤ በጣቷ እያሳየች እስከዚህ አለችኝ። የፎቶውን ዳር የት ጋ እንደምቆርጥም ራሷ ጎትታ አስቀመጠችው፤ የቡና አልጋው እንዲቆረጥ አልፈለገችም። የእኔ ጌዴኦኛ አነሰ፣ የእሷ አማርኛ አነሰ ሳንል ጨረስን። ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን እኔ እነካለሁ፣ እሷ ትነካለች። በማውስ ይህን እንዴት እንደማደርገው አላውቅም፤ ማውስ ለአንድ ሰው እጅ ነው የተሠራው።

ፕሪንተሩ ሲያንኳኳ አስቴር ሰውዬው ኮምፒውተሩ ውስጥ ይቀራል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይቀራል አልኳት። የቅድሙስ አለች፣ ወደ ኮቱ በአገጯ እያመለከተች። እሱንም አላጠፋም አልኩ፣ ለምን እንደጠየቀችኝ ሳይገባኝ። ጎረቤቴ ያለው ፍሬም ሠሪ በቶሎ አስገባልን። መኪናው ደርሶ ክላክስ ያሰማ ነበር። ሕፃኑን መልሳ አዘለች፣ ፍሬሙን ፊቱን ወደ ደረቷ አድርጋ አቅፋው ወጣች። የስክሪኑን መነካት ሊያጠፋልኝ የነበረው ቴክኒሻን እንዳይመጣ የደወልኩለት በዚያው ቀን ነው።

ከቀብሩ በኋላ ለቅሶ ልደርስ ኮንጋ ሄድኩ። ከድር በአይሱዙው እስከ ይርጋጨፌ አደረሰኝ፣ ከዚያ በሞተር ገባሁ። ፎቶው ድንኳኑ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጧል። የሚገባው ሰው ሁሉ ያየውና በእንባው መሐል ፈገግ ይላል፤ እንዲህ ነበር እኮ ይላሉ። ስለ ሹራቡ የሚያነሳ ሰው አልሰማሁም። አስቴር እጄን ይዛ ወደ ሴቶቹ ወሰደችኝና አንድ ነገር ስትነግራቸው በዚያ ሐዘን ውስጥ ሳቃቸው አመለጣቸው። ምን አልሻቸው ብላት ባሌን የባንክ ሥራ አስኪያጅ ልታደርገው የነበረችው ይቺ ናት አልኳቸው አለችኝ። አፍሬ የምገባበት ጠፋኝ፣ ግን እኔም ሳቅሁ። ጋሽ በቀለ ከወንዶቹ መሐል ጥግ ይዞ ተቀምጦ ነበር። አልሳቀም።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ በቀለ ብቻውን መጣ። ኮፒ የሚደረግ ወረቀት አልያዘም። ስለ ቡና ዋጋ አወራ፣ ስለ መንገዱ አወራ፣ እኔም እንደ ልማዴ ቶሎ በል ሥራ አለኝ አልኩት። ያኔ አፉን ሞልቶ መናገር አቅቶት፣ ለቤቴ የሚሆን አንድ ሥሪልኝ አለ። ሱፍ ያለበትን። አስቴርን ጠይቋታል። ያንተ ነው፣ አልብሰው ብላዋለች። ለልጁ የሚሆነው ባለ ሹራቡ እንደሆነ ቤቷ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ አይነካም።

ፋይሉን ከፈትኩት። ሰማያዊው ይቅር አለኝ፤ የፈካው ፊትም ይቅር፣ ሳቁም ጥርሱም እንዳለ ይሁን፣ ልብሱን ብቻ ነው የምፈልገው አለ። ኮቱን ልመልስለት ማውሱን ያዝኩና ተውኩት። ሞኒተሩን ወደ እሱ አዞርኩ።

"ጋሼ፣ ራስህ አልብሰው" አልኩት።

ጋሽ በቀለ ኮምፒውተር የሚያስቸግረው ሰው አይደለም፣ መሥሪያ ቤት ሲሠራበት ነው የሚውለው። ማውሱን ግን አልነካውም። ወንበሩን አስጠጋ፣ እጁን በመሐረብ ጠረገ፣ ኮቱን በጣቱ ስቦ ወንድሙ ትከሻ ላይ አደረገለት። ግራው ከፍ ብሎ ነበር፣ ዝቅ አደረገው። በሁለት ጣቱ ትንሽ አሰፋው፤ ሽብሩ ሰፊ ትከሻ ነበረው። ከዚያ ክራባቱን አመጣና አንገቱ ሥር አስቀመጠው። ሰውዬው ራሱን ስላዘነበለ ክራባቱ ቀጥ ሊል አልቻለም። ወደ ግራ ነካ አደረገው፣ ወደ ቀኝ መለሰው፣ ደግሞ ወደ ግራ።

ክራባቱን እያቃና፣ ልጅ ሲያለብሱ እንደሚሉት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ በጌዴኦኛ ቀጥ በል እንጂ አለው። መናገሩን ያወቀ አይመስለኝም። እኔ ተነስቼ በሩን ገርበብ አደረግሁና የመጡትን ደንበኞች መለስኩ።

ሲጨርስ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ አየው። ክራባቱ አሁንም ትንሽ ተጣሟል።

"አማረበት?" አለኝ።

"አማረበት" አልኩት። እውነቴን ነበር።

አሁን በጣት የሚሠራ ሞኒተር ይጠቅማል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ የሙያ ጓደኞች አሉ። ሥራችሁ ጽሕፈት ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ እላቸዋለሁ። የሰው ፎቶ የምትሠሩ ከሆነ ግን ግዙት፣ ስክሪኑንም ወደ ባለቤቱ አዙሩት። የለቅሶ ፎቶ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲኖር እኔ አሁን መጀመሪያ እንዴት ያለ ሰው ነበር ብዬ ነው የምጠይቀው። ሱፍ የሚፈልግ አሁንም ብዙ ነው፣ አለብሳለሁም። ሽብሩን ግን፣ ባለ ሹራቡንም ባለ ሱፉንም፣ አላጠፋሁትም፤ አንዳንድ ቀን ሌላ ፋይል ስፈልግ ድንገት ይከፈትብኛል። በሕይወት እያለ አንድም ቀን ያላገኘሁት ሰው ነው፣ ግን ይናፍቀኛል።